የተገዛ ክንፍ አያስተምርም

በአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ዛሬ ብዙም የማይጠየቅ አንድ እምነት ነግሧል። ጥሩ ሞዴል ማለት ብዙ ተጨማሪ ክፍል የተገዛለት ሞዴል ነው ይላል። ከሳጥኑ የወጣው የፕላስቲክ ወንበር ካላማረ የሬዚን ወንበር ይገዛል። መትረየሱ ወፍራም ከሆነ በኬሚካል ከተቀረጸ ናስ የተሠራ ይታዘዛል። ሞተሩ ዝርዝሩ ደብዛዛ ከሆነ በስሪዲ ማተሚያ የታተመ ይመጣል። አንድን ክፍል ከፕላስቲክ ሉህ፣ ከሽቦና ከእንጨት በራስ እጅ ቆርጦና ሞርዶ መሥራት ግን ዝግጁ ክፍል ባልነበረበት ዘመን ችግር የወለደው ዘዴ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬ እንዲህ የሚሠራ ሰው ትዕግሥቱ ይደነቃል እንጂ መንገዱ አይከተሉትም።

ይህ እምነት ስህተት ነው። በተለይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ላይ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ነው። ክፍልን በራስ እጅ መሥራት የዕጦት መውጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ አውሮፕላኑን የማወቂያ መንገድ ነው። መንገዱ ሲተው ሞዴሉ እያማረ ይሄዳል፣ ሠሪው ግን በእጁ ስለያዘው ነገር የሚያውቀው እያነሰ ይመጣል።

ነገሩ ባለ ድርብ ክንፍ ላይ የሚብሰው በአሠራሩ ምክንያት ነው። በኋላ የመጣው አውሮፕላን አጥንቱን በብረት ቆዳ ሸፍኖታል። የ1917 እ.ኤ.አ. ተዋጊ ግን አጥንቱንና ጅማቱን ለዓይን አሳልፎ ሰጥቷል። ሶፕዊዝ ካሜልን እንውሰድ። ይህ እንግሊዛዊ ተዋጊ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በታኅሣሥ ወር 1916 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት አጋማሽ ወደ ጦር ግንባር ገባ። አካሉ በአብዛኛው እንጨት ነው፣ ክንፉ የተልባ እግር ጨርቅ የለበሰ። ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዙት የእንጨት ቋሚዎችና በመካከላቸው የተወጠሩት ሽቦዎች ናቸው። ሽቦዎቹ ከተወገዱ አውሮፕላኑ ይፈርሳል።

ሽቦዎቹም ሁሉ ሥራቸው አንድ አይደለም። ከአካሉ ታችኛ ክፍል ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ ጫፍ የሚወጡት በበረራ ላይ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ሲገፋው ይይዙታል። ከላይኛው ክንፍ መሐል ተነሥተው ወደ ታችኛው ክንፍ ጫፍ የሚወርዱት ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም የክንፉን ክብደት ይሸከማሉ። ካሜል ላይ የበረራው ሽቦ ጥንድ ጥንድ ነው፣ የመሬቱ ግን ነጠላ። በረራ ላይ የሚመጣው ጫና ከክንፉ የራሱ ክብደት እጅግ ስለሚበልጥ፣ አንዱ ሽቦ በጥይት ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ታስቦ ነው። ቋሚዎቹን ራሱ የቆረጠ፣ ቀዳዳዎቹን ራሱ የበሳ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ የወጠረ ሰው ይህን ሳያስበው አያልፍም። እጁ «ይህ ለምን ሁለት ሆነ?» ብሎ ያስጠይቀዋል። በመመሪያው ላይ ቁጥር እየተከተለ ዝግጁ ክር የሚያስገባ ሰው ግን ጥያቄው ሳይነሣበት ሥራውን ይጨርሳል።

የካሜል ሞተርም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ካሜሎች የተገጠመላቸው ክለርጌ 9ቢ ዘጠኝ ሲሊንደር ያለውና 130 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ነበር። ሲሠራ ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል፣ ቆሞ የሚቀረው መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ብቻ ነው። ቀደምት ሞዴል ሠሪዎች ሲሊንደሩን የሚሠሩት በቀጭን ዘንግ ላይ የመዳብ ሽቦ እየጠመጠሙ ነበር፤ የሽቦው ጥምጥም የማቀዝቀዣ ክንፎቹን መልክ ይሰጣል። ዘጠኙን ሲሊንደር በአንድ ዘንግ ዙሪያ በእኩል ርቀት ለመትከል የተቸገረ ሰው፣ ያን የሚያህል ብረት በአፍንጫው ላይ የሚያሽከረክር አውሮፕላን ለምን ለአብራሪው አስቸጋሪ እንደነበረ ይገባዋል። ከሞተሩ የሚረጨው የጉሎ ዘይት ለምን የአውሮፕላኑን ሆድ እንዳቆሸሸም ይገባዋል። ስለዚህ ቆሻሻውን ሲቀባ ምክንያቱን ያውቃል፣ የሌላ ሰው ሞዴል ላይ ያየውን አይገለብጥም።

እዚህ የደረስንበት መንገድ አጭር አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስካይበርድስ የተባሉት የእንግሊዝ ሞዴሎች በ1/72 ስኬል ከእንጨትና ከብረት ተሠርተው ገበያ ሲወጡ፣ ገዢው ገና እንጨት ይሞርድ፣ ሽቦ ያጎብጥ ነበር። በ1936 ፍሮግ ፔንግዊን የተባሉት ከፕላስቲክ የተሠሩ ሞዴሎች ተከተሉ። ፕላስቲኩ ቅርጹን ከፋብሪካ ይዞ መጣ፤ ሠሪው የሚሞርደው እየቀነሰ፣ የሚያጣብቀው እየበዛ ሄደ። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ብዙ ሰው ወደ ሙያው የገባው በዚያ በር ነው። በ1975 ሃሪ ዉድማን የተባለ ሞዴል ሠሪ አንድን አውሮፕላን ከስስ የፕላስቲክ ሉህ ብቻ እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። የክንፉን የጎድን አጥንቶች ከሉሁ ጀርባ በእስክሪብቶ ጫፍ እየተጫኑ ማውጣት፣ ሉሁን በሙቅ ውኃ አለስልሶ የክንፉን ጉብጠት ማስያዝ፣ ሌላም ብዙ ጥበብ ከዚያ ትውልድ ሠሪዎች የተወረሰ ነው። በ1985 የተመሠረተው ዊንድሶክ መጽሔትና አብረውት የታተሙት ዝርዝር ሥዕሎች ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሠሪ መለኪያ ሆኑለት። ከዚያ በኋላ ናሱ፣ ሬዚኑና ስሪዲው መጣ። በዚህም ሰዓት መጠየቅ የነበረበት ነገር ሳይጠየቅ ቀረ፤ የመጣው ነገር የሠሪውን ሥራ ያግዛል ወይስ ይተካል?

የዝግጁ ክፍል ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ ትክክለኛነት ነው። ማሽን ከእጅ ይልቅ ጥቃቅን ነገር ይሠራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ትክክለኛነት ግን ከጥቃቅንነት ይሰፋል። ስሌቱን እንየው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሽቦ በ1/48 ስኬል 0.125 ሚሊሜትር፣ በ1/72 ደግሞ ወደ 0.08 ሚሊሜትር ይሆናል። በሌላ አቅጣጫ፣ በ1/72 ሞዴል ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የክንፍ የኋላ ጠርዝ በእውነተኛው መጠን 36 ሚሊሜትር ነው። የጀርመኑ አልባትሮስ ተዋጊ የኋላ ጠርዝ ግን ሽቦ ነበር። ጨርቁ በቀለም ሲወጠር ያንን ሽቦ በየጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ እየሳበው ጠርዙን ሞገዳማ አድርጎታል። በፋብሪካ የተቀረጸ ፕላስቲክ ያን ያህል ሊሳሳ አይችልም። ይህን የሚያስተካክለው ብርጭቆ ወረቀት የያዘ እጅ ነው። ሆኖም ለኮክፒቱ ናስ፣ ለወንበሩ ቀበቶ፣ ለሞተሩ ሬዚን ተገዝቶለት የክንፉ ጠርዝ እንደ ጣውላ ወፍሮ የቀረ ሞዴል በየኤግዚቢሽኑ ይታያል። ሊገዛ የሚችለው ነገር ተገዝቷል፤ ሊገዛ የማይችለው ተረስቷል። ገበያው የሠሪውን ዓይን የሚመራው ወደ ሚሸጠው ነገር ነው።

ከዚህ የከፋው የጋራ ስህተት ነው። ብዙ የፋብሪካ ሞዴሎች የክንፉን ጨርቅ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ዝቅ ብሎ እንደተንጠለጠለ አድርገው ያሳያሉ። የእውነተኛው ክንፍ ጨርቅ ግን ዶፕ የተባለው ቀለም ሲደርቅ እየሰበሰበው የሚወጠር ነበር፤ ዋናው ዓላማም እሱ ነው። በ1/72 ቀርቶ በ1/32 እንኳ ያ መንጠልጠል ያለ ልክ የተጋነነ ነው። የተጋነነውም ቅርጽን ጎልቶ ማሳየት ገዢን ስለሚማርክ ነው። ከዚያ ሠሪው ያንን ጉድጓድ በጥቁር ቀለም ያጎላዋል፣ ሌላው ያየውን ይከተላል፣ ዳኛውም በለመደው ዓይን ይፈርዳል። የጓደኛውን የቤት ሥራ የገለበጠ ተማሪ ስህተቱንም አብሮ እንደሚገለብጥ ሁሉ፣ ዝግጁ ክፍል ብቻ የሚገጥም ሠሪም የአንድ ነዳፊን ስህተት በሺህ ሞዴል ላይ ያባዛዋል። ፎቶግራፍ ዘርግቶ፣ ሥዕል አነጻጽሮ የራሱን ክንፍ የሚሠራ ሰውም ይሳሳታል። ስህተቱ ግን የራሱ ነው፣ ሲደርስበትም ያርመዋል።

የአውሮፕላኖቹ ታሪክ ራሱ አንድ ወጥ ክፍልን አይቀበልም። ወደ 5,500 የሚጠጉት ካሜሎች ከአንድ ፋብሪካ አልወጡም። ቦልተን ኤንድ ፖል፣ ራስተን ፕሮክተር፣ ክሌይተን ኤንድ ሻትልወርዝና ሌሎችም ሠርተዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የመውቂያና የእንፋሎት ማሽን ሲሠሩ የኖሩ አሉ። አንዱ ካሜል ክለርጌ፣ ሌላው ቤንትሊ፣ ሌላው ሌሮን ሞተር ይዟል። አብራሪዎች ወደ ላይ የሚያዩበት ጠባብ ስለሆነባቸው በላይኛው ክንፍ መሐል ያለው ክፍተት በግንባር እንዲሰፋ ያስደረጉ ነበሩ። ለንደን በሚገኘው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም የተሰቀለው ኤን6812 የባሕር ኃይል ካሜል ነው። አብራሪው ስቱዋርት ከሊ ኤል53 የተባለውን ዘፕሊን በነሐሴ 11 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. የጣለው በእሱ ነው። የባሕር ኃይሉ ካሜል ክንፍ ከምድሩ በ33 ሴንቲሜትር ያህል ያጥራል፤ መሐል ክንፉን የሚሸከሙት ቋሚዎችም የብረት ቱቦ ናቸው። የክንፉ ልዩነት በ1/48 ወደ 7 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አንድን የተወሰነ አብራሪ ያበረረውን የተወሰነ አውሮፕላን መሥራት የፈለገ ሰው «ለካሜል» ተብሎ በተሸጠ ፓኬት ሊረካ አይገባም። የራሱን አውሮፕላን ፎቶግራፍ ፈልጎ፣ ልዩነቱን አይቶ፣ ያን ልዩነት መሥራት አለበት።

ጥገኝነቱም መነሣት አለበት። የፊልም ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ ያቋቋመው ዊንግነት ዊንግስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1/32 ስኬል ያወጣቸው የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች በሙያው ታሪክ ከተሠሩት ምርጦች መካከል ናቸው። ጥናታቸው ጥልቅ፣ መመሪያቸው ራሱ የታሪክ መጽሐፍ ነበር። በ2020 ድርጅቱ ተዘጋ። ሳጥኖቹ ብርቅ ሆኑ፣ ዋጋቸውም ተሰቀለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የእነዚህ አውሮፕላኖች ትልቅ ስኬል ዘመን አበቃ ብሎ አዘነ። ሐዘኑ ይገባኛል፤ የሚያሳየው ነገር ግን ያሳስበኛል። አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ሙያ፣ መጀመሪያውኑ በሠሪዎቹ እጅ አልነበረም ማለት ነው። ፕላስቲክ ሉህ፣ ናስ ቱቦ፣ የመዳብ ሽቦና ጥሩ ሥዕል ያለው ሰው የማንም በር ቢዘጋ ሥራው አይቆምም።

ይህ ጥገኝነት የምናስታውሰውን ታሪክ እስከ መምረጥ ይደርሳል። ፋብሪካ የሚያወጣው የሚሸጥለትን ነው። ለካሜል፣ ለአልባትሮስና ለፎከር ምርጫው ብዙ ነው። ለእኛ ታሪክ ቅርብ ለሆነው አውሮፕላን ግን ገበያው ጠባብ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሆነው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 የተባለ ፈረንሳይ ሠራሽ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር፤ አብራሪው አንድሬ ማዬ ይባላል። የላይኛው ክንፉ 14 ሜትር ያህል ሲሆን የታችኛው ከሱ በጣም ያንሳል። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ይህን አውሮፕላን ኢትዮጵያ ውስጥ እንደነበረ አድርጎ በ1/72 ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ 20 ሴንቲሜትር የማይሞላ ክንፍ ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚያገኝበት መደርደሪያ የለም። ፎቶግራፍ መሰብሰብ፣ መለካት፣ መሥራት ይኖርበታል። «ካልተሸጠ አይሠራም» የሚለውን ልማድ ከተቀበልን፣ ይህ ታሪክ ሌላ አገር ያለ ነጋዴ እስኪያስታውሰው ድረስ በሞዴል መልክ አይኖርም ማለት ነው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ መልስም ይገባቸዋል። አንደኛው ጊዜ ነው። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሊንደር ሲጠመጥም ማደር አይችልም ይባላል። ማንም ሁሉንም ክፍል ይሥራ አላልኩም። የጀርመኑ መትረየስ በቀዳዳ የተሞላ የማቀዝቀዣ ልባስ በእጅ ቢበሳ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ በኬሚካል የተቀረጸው ናስ እዚያ ላይ ከእጅ ይሻላል። የቀበቶ ዘለበትም እንዲሁ። የኔ መለኪያ ቀላል ነው። አውሮፕላኑን የሚሸከመውን፣ ቅርጹን የሚወስነውንና አውሮፕላኑን ከሌላው የሚለየውን ክፍል ራስህ ሥራ፤ እጅ የማይደርስበትን ግዛ። ዛሬ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ቋሚውንና ክንፉን እንደመጣ ይተወዋል፣ አካሉ ከተዘጋ በኋላ ኮክፒት ውስጥ ለማይታይ መለኪያ መሣሪያ ገንዘብ ያወጣል። ካሜል ላይ እንደ ቅርጫት የተጎነጎነውን ወንበር በቀጭን ሽቦና በክር መጎንጎን ከግዢው ብዙ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። የተለያየ ቀለም ያላቸውን ስስ የእንጨት ቅጠሎች አጣብቆ ፕሮፔለር መቅረጽም እውነተኛው ፕሮፔለር የተሠራበት መንገድ ራሱ ነው፤ የተደራረበው እንጨት መስመር ያለ ብሩሽ በራሱ ይወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ችሎታ ነው። «እኔ እጄ አይረዳኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ችሎታ ግን የሚመጣው በመሥራት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የመጀመሪያው ቋሚ ይጣመማል፣ አምስተኛው ይቀናል። ዝግጁ ክፍል ያንን የመጣመም ዕድል ስለሚያስቀር የመቅናቱንም ዕድል ያስቀራል። አሥር ዓመት የገጠመ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ጀማሪ ሆኖ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው የስሪዲ ማተሚያ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣውን ጭፍን ጥላቻ አልጋራም። አውሮፕላኑን ለክቶ፣ ሥዕሉን አነጻጽሮ፣ ክፍሉን ራሱ በኮምፒውተር ነድፎ ያሳተመ ሰው ሙሉ ባለሙያ ነው፤ ሞረዱ ቢለያይም ዕውቀቱ አንድ ነው። የሌላውን ፋይል አውርዶ የሚያሳትም ሰው ግን ከገዢ አይለይም፤ የተለየው መላኪያው ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው መጠኑን ማን ወሰነ በሚለው ላይ ነው። የለካው ሰው አውሮፕላኑን ያውቀዋል። ያልለካው የሌላውን ቃል አምኖ ተቀምጧል።

ውድድሮችም የድርሻቸውን ሊወስዱ ይገባል። በብዙ ቦታ በራስ እጅ የተሠራ ሞዴል ለብቻው ምድብ ይከለልለታል። አክብሮት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የሙያውን ማዕከል ወደ ዳር ማውጣት ነው። ተራው ተወዳዳሪ የሚረዳው «ያ የእነሱ ነው፣ የኔ መግዛት ነው» ብሎ ነው። በዋናው ምድብ ውስጥ ዳኛው ሠሪውን «ይህን ክፍል ለምን እንዲህ አደረግኸው? በምን ፎቶግራፍ ተመርተህ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱ ነጥብ ቢኖረው፣ የሙያው ዝንባሌ በጥቂት ዓመት ይለወጥ ነበር። የተገዛው ክፍልም ይቅረብ፤ ግን ዕውቀትን ሸፍኖ ሽልማት አይውሰድ።

ስለዚህ ለሞዴል ሠሪው የምለው ይህ ነው። በሚቀጥለው ባለ ድርብ ክንፍህ ላይ አንድ ነገር አትግዛ። ከላይና ከታች ክንፍ መካከል የሚቆሙትን ቋሚዎች ምረጥ፤ ሥዕሉን ዘርጋ፣ በካሊፐር ለካ፣ ከፕላስቲክ ሉህ ወይም ከናስ ቱቦ ቁረጥ፣ እስኪመሳሰሉ ሞርድ። ክለብ የምትመራ ከሆነ ለወጣቶቹ ካታሎግ ከማሳየትህ በፊት ምላጭ፣ ወረንጦና አንድ ሉህ ፕላስቲክ ስጣቸው። ዳኛ ከሆንክ የተገዙትን ክፍሎች መቁጠር ትተህ ሠሪው የወሰነባቸውን ምክንያቶች ጠይቅ። እነዚህን አውሮፕላኖች የነደፏቸውና የሠሯቸው ሰዎች እያንዳንዱን ሽቦ የተከሉት ምክንያት ስለነበረው ነው፤ ሞዴል ሠሪም ምክንያቱን ይዞ ሊሠራ ይገባል።